ስፖርት ጀምረው ለሚያቋርጡ፦ ራስን ሳይወቅሱ የሚዘልቅ ልማድ አገነባብ

ስፖርት ጀምሮ የሚያቋርጥ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ቦታው ግን እኛ የምንገምተው አይደለም። ሰኞ በሙሉ ወኔ ይጀመራል፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ይሠራል። ማክሰኞ ሰውነት ተሳስሮ ደረጃ መውረድ ይከብዳል፤ ቢሆንም እንደምንም ይሠራል። ሐሙስ ሥራ ይበዛል ወይም እንቅልፍ ያሸንፋል፣ አንድ ቀን ያመልጣል። እስከዚህ ድረስ ምንም የተበላሸ ነገር የለም። የሚበላሸው ዓርብ ነው፤ «እኔ መቼም አይሆንልኝም፣ ድሮም እንዲህ ነኝ» የሚለው ሐሳብ ሲመጣ። ቅዳሜ «ሰኞ እንደ አዲስ እጀምራለሁ» ይባላል፤ ያ ሰኞ የሚመጣው ከወራት በኋላ ነው።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ያመለጠ ቀን እንደሚመጣ አስቀድሞ ይቀበላል፤ የመመለሻውንም መንገድ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ያዘጋጃል። ደረጃዎቹን በተራ ይከተሉ። በተለይ ደረጃ 4ን «ስደርስበት እጽፈዋለሁ» ብለው አይዝለሉት። ሲደርሱበት ለመጻፍ የሚሆን ልብ አይኖርዎትም።

ከመጀመርዎ በፊት

የሚያስፈልግዎ እግርዎን የማይጨንቅ ጫማ፣ እንደ ልብ የሚያንቀሳቅስ ልብስ፣ አንድ ደብተር፣ እስክሪብቶ እና የመዳፍዎን የምታክል ወረቀት ነው። የጂም ክፍያም ሆነ የክብደት ማንሻ ለጊዜው አያስፈልግም። ዕቃ መግዛት ካማረዎት ለስድስት ሳምንት ያቆዩት፤ ግዢው በራሱ ሥራ የተሠራ ያህል ያረካና ወኔው እዚያው ያልቃል።

ከመጀመርዎ በፊት ሐኪም ማማከር ያለብዎት፦

• የልብ፣ የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብዎ ወይም የደም ግፊትዎ ካልተስተካከለ
• ሲንቀሳቀሱ ደረትዎን የሚጨንቅዎ፣ የሚያዞርዎ ወይም ራስዎን ስተው የሚያውቁ ከሆነ
• ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ በቅርቡ ከወለዱ ወይም ቀዶ ሕክምና ካደረጉ
• የቆየ የወገብ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ካለብዎ

አንድ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ማስጠንቀቂያም አለ። ስፖርት የሚሠሩት የበሉትን «ለመክፈል» ከሆነ፣ አንድ ቀን ሲያመልጥዎ ከምግብ ራስዎን የሚከለክሉ ከሆነ፣ ይህን መመሪያ ያቆዩትና መጀመሪያ የሥነ ልቦና ወይም የጤና ባለሙያ ያናግሩ። እንዲህ ባለ ሁኔታ ላይ ተጨማሪ ልማድ መገንባት ጉዳቱን ያባብሳል።

ደረጃ 1፦ ያለፉትን ሙከራዎች ይመርምሩ

20 ደቂቃ ይመድቡ። ደብተሩን ከፍተው የመጨረሻዎቹን ሁለት ወይም ሦስት ሙከራዎች ይጻፉ። ለእያንዳንዱ አራት ነገር ብቻ፦

1. ስንት ቀን ሠራሁ?
2. በመጨረሻ ያመለጠኝ በየትኛው ቀን ነው?
3. ከዚያ በፊት በነበረው ማታ ምን ነበር?
4. በማግስቱ ለራሴ ምን አልኩት?

ሲሞላ ይህን ይመስላል፦ «11 ቀን ሠራሁ። ያመለጠኝ ረቡዕ ነው። ማክሰኞ ማታ እንግዳ ነበረ፣ አምሽቼ ተኛሁ። ሐሙስ ለራሴ ያልኩት፦ አንድ ነገር እንኳ መጨረስ አልችልም።»

ይህን ጽሑፍ ሁለቴ ያንብቡት። ልማዱን ያስቆመው እንግዳው አይደለም፤ እንግዳው የወሰደው አንዲት ረቡዕን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት በሙሉ የወሰደው ሐሙስ ዕለት የተባለው ነገር ነው። ስለዚህ የሚጠገኑት ሁለት ቦታዎች አሉ፦ የማክሰኞ ማታውን በደረጃ 3፣ የሐሙሱን ንግግር በደረጃ 4 እንጠግናለን።

ማስጠንቀቂያ፦ «ስለሰነፍኩ» ብለው አይጻፉ። ስንፍና የሚለው ቃል ምንም አያሳይም፣ የሚጠገን ነገርም አይሰጥም። በካሜራ ሊቀረጽ የሚችለውን ብቻ ይጻፉ፤ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ማን እንደነበረ፣ ምን ያህል እንደተኙ።

ሲጽፉ ሆድዎን ከባሰዎ ወይም ኀፍረት ከያዘዎ አራተኛውን ጥያቄ ይተዉት። ሦስቱን ሞልተው ደብተሩን ይዝጉና አራተኛውን በሌላ ቀን ይመለሱበት።

ደረጃ 2፦ ወለሉንና ጣሪያውን ይወስኑ

ወለል ማለት በጣም በከፋው ቀንዎ እንኳ የሚችሉት ትንሹ መጠን ነው። ጣሪያ ደግሞ በጣም ደስ ባለዎት ቀን እንኳ የማያልፉት ልክ። ብዙ መመሪያዎች ስለ ወለሉ ይናገራሉ፤ በእኔ እምነት ግን ጀማሪን የሚያድነው ጣሪያው ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ጠላት ሳይጠበቅ የሚመጣው ወኔ ነው፤ አንድ ሰዓት ያሠራና ሦስት ቀን ያስተኛል።

ወለል፣ ከእነዚህ አንዱን ይምረጡ፦

• 5 ደቂቃ መራመድ
• 5 ጊዜ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ከዚያ 5 ፑሽ አፕ በግድግዳ ላይ
• ቁልቁልና ሽቅብ አንድ ፎቅ ደረጃ፣ ሁለት ጊዜ

ጣሪያ፣ ለመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት፦ 15 ደቂቃ። ከዚያ በላይ አይሂዱ።

አሁን ወለሉን ይፈትኑት። ራስዎን ይጠይቁ፦ «ሌሊቱን ሳልተኛ ያደርኩ፣ ከሰው ጋር የተጣላሁ፣ ዝናብ የሚዘንብበት ቀን ቢሆን ይህን እንደምሠራ ከ10 ስንት እተማመናለሁ?» መልሱ ከ8 በታች ከሆነ ወለሉን በግማሽ ይቁረጡት። አሁንም ከ8 በታች ከሆነ እንደገና ይቁረጡት። «ጫማዬን አድርጌ በር ላይ እቆማለሁ» የሚለው ላይ ቢደርሱ ምንም አይደለም፤ እሱም ወለል ነው።

«5 ደቂቃ ለጤና ምን ይጠቅማል?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ እንቅስቃሴ የሚቆጠረው ቢያንስ 10 ደቂቃ ሲሆን ነው የሚለውን የቀድሞ ገደብ አንስቶታል፤ ጥቂት መሥራት ምንም ካለመሥራት እንደሚሻልም በግልጽ አስፍሯል። ይኸው መመሪያ ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ ማጠንከሪያ ነው። ይህ ቁጥር መድረሻ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ደብተርዎ ላይ አይጻፉት።

ደረጃ 3፦ ማንጠልጠያ ይፈልጉ

አዲሱን ነገር አሁን በየቀኑ ሳያስቡት በሚያደርጉት ነገር ላይ ያንጠልጥሉት። ዐረፍተ ነገሩን እንዲህ ይሙሉ፦

«______ ካደረግሁ በኋላ ወዲያው፣ ______ (ቦታ) ላይ፣ ______ (ወለል) እሠራለሁ።»

ለምሳሌ፦ «ጠዋት ፊቴን ታጥቤ ፎጣውን እንደሰቀልኩ፣ መኝታ ቤት ውስጥ፣ 5 ጊዜ ከወንበር እነሳለሁ።» ማንጠልጠያው «ጠዋት» ሳይሆን ፎጣውን መስቀሉ መሆኑን ልብ ይበሉ። ጠዋት ሰፊ ነው፣ ያልፋል። ፎጣ ግን ወይ ተሰቅሏል ወይ አልተሰቀለም።

ይህ ተራ ዘዴ ይመስላል፤ የሚለውጠው ግን ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ አንድ የብሪታንያ ጥናት 248 ተማሪዎች በሦስት ቡድን ተከፍለው ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት መቼና የት እንደሚሠሩ በጽሑፍ የወሰኑት 91 በመቶ ያህሉ ሠሩ። ስለ ስፖርት ጥቅም ብቻ እንዲያነቡ ከተደረጉት የሠሩት 35 በመቶ፣ ምንም ካልተሰጣቸው ደግሞ 38 በመቶ ናቸው። የማነሳሻ ቪዲዮ ለማየት የሚያጠፉትን ጊዜ ወደዚህ ዐረፍተ ነገር ያዙሩት።

ሲበላሽ፦

• ማንጠልጠያው ቅዳሜና እሑድ ከጠፋ (ለምሳሌ «ከሥራ ስገባ» ከሆነ) ለእረፍት ቀናት ሌላ ሁለተኛ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ።
• ማንጠልጠያው እየመጣ እርስዎ ከረሱት፣ ማንጠልጠያው ያለበት ቦታ ላይ የሚታይ ነገር ያስቀምጡ፤ ወንበሩን ከፎጣው ሥር።
• ከደረጃ 1 ያገኙትን መሰናክል በ«ከሆነ» ይጻፉት፦ «ማታ አምሽቼ ከተኛሁ፣ ጠዋት ወለሉን ብቻ እሠራለሁ።»

ደረጃ 4፦ የመመለሻ ወረቀት ይጻፉ

ከሁሉም ደረጃዎች ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ይህ ነው። ትንሿን ወረቀት ያውጡ። ላይዋ ላይ አራት መስመር ይጻፋል፤ ያመለጠዎት ቀን በማግስቱ የሚያነቡት እሱን ነው።

ሦስቱ መስመሮች የሚመጡት የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ክርስቲን ኔፍ እ.ኤ.አ. በ2003 ለራስ መራራትን ከከፈለችባቸው ሦስት ነገሮች ነው። አራተኛው ተግባር ነው።

መስመር 1፣ የሆነውን ሳያጋንኑ ይናገሩ። «ትናንት አልሠራሁም። ከፍቶኛል።» ይህ ብቻ። «ሁልጊዜ»፣ «መቼም»፣ «ምንም» የሚሉ ቃላት እዚህ አይገቡም።

መስመር 2፣ ብቻዎን እንዳልሆኑ ያስታውሱ። «ስፖርት የጀመረ ሰው ሁሉ ቀን ያመልጠዋል።»

መስመር 3፣ ለሚወዱት ሰው የሚሉትን ለራስዎ ይበሉ። ይህን ለመጻፍ የሚረዳ መንገድ አለ። ዐይንዎን ጨፍነው የቅርብ ጓደኛዎ ደውሎ «ትናንት አመለጠኝ፣ እኔ አልረባም» ሲልዎት ያስቡ። ምን ይሉታል? «አዎ፣ አትረባም» አይሉትም። የሚመልሱለትን በአፍዎ፣ ድምፅ አውጥተው ይናገሩት፤ ከዚያ የተናገሩትን እንዳለ ይጻፉት። የብዙዎች መስመር «አይዞህ፣ ደክሞህ ነው፤ ዛሬ ትንሽ ብቻ ሞክር» የሚል ነው። ያ ይበቃል።

መስመር 4፣ ቀጣዩ ማንጠልጠያ። «ፎጣውን ስሰቅል፣ 5 ጊዜ።»

ከዚህ በታች ያለውን ስሕተት ብዙ ሰው ይሠራል፦ መስመር 3 ላይ መፈክር ይጽፋል። «እኔ አሸናፊ ነኝ!» የሚል ወረቀት ባመለጠ ቀን ማግስት ሲነበብ ይጎመዝዛል፤ ልብ አያምነውም። ለሰው ሲናገሩት የማያፍሩበትን፣ ከአፍዎ በተፈጥሮ የሚወጣውን ቃል ብቻ ይጻፉ።

«እንዲህ ካልኩ አልሰንፍም ወይ?» ብሎ መፍራት ያለ ነው። ለራስ መራራት ራስን ማሞላቀቅ የሚመስለን አብዛኞቻችን ስንገሠጽ ስላደግን ነው። ምርምሩ የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በካናዳ በተደረገ ጥናት ለመጀመሪያው ፈተና ጥናታቸውን ሲያዘገዩ ከነበሩ ተማሪዎች፣ ለዚያ ጥፋት ለራሳቸው ይቅርታ ያደረጉት ለሚቀጥለው ፈተና ማዘግየታቸው ቀንሷል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ሥራ ደግሞ ከባድ ፈተና ከወደቁ በኋላ ለራሳቸው እንዲራሩ የተደረጉ ሰዎች ለድጋሚው ፈተና ረዘም ላለ ጊዜ እንዳጠኑ አሳይቷል። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም፦ የሚሰደብ ሰው የተሰደበበትን ቦታ ይሸሻል። ስፖርት ስድብን የሚያስታውስ ነገር ከሆነ ጫማውን ማየት ራሱ ያስጠላል።

ወረቀቱን ጫማዎ ውስጥ ያስቀምጡት። ስልክ ላይ አይጻፉት፤ ስልክ ሲከፍቱ የሚያገኙት ሌላ ነገር ነው።

ደረጃ 5፦ ማታውን ያዘጋጁ

ከመተኛትዎ በፊት፣ በዚህ ቅደም ተከተል፦

1. ጫማውን ማንጠልጠያው ያለበት ቦታ ያስቀምጡ፤ ክሩ ተፈትቶ፣ ካልሲው ውስጡ ገብቶ።
2. ቱታውን ወይም ልብሱን እላዩ ላይ ያድርጉ።
3. ውኃ በጠርሙስ ሞልተው አጠገቡ ያኑሩ።
4. ደብተሩን ነገ በሚሞላው ገጽ ገልጠው እስክሪብቶውን መሐሉ ላይ ይተዉ።

ሁሉም ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከረሱ ጠዋት ተነሥተው አይፈልጉ፤ ባለዎት ልብስ ወለሉን ብቻ ይሥሩ።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት

ከቀን 1 እስከ 3፦ ወለሉን ብቻ። ይበልጥ ቢያሰኝዎትም ያቁሙ። ገና እንዳማረዎ መጨረስ ለነገ የሚሆን ፍላጎት ይተዋል።

ከቀን 4 እስከ 7፦ ወለሉን ከሠሩ በኋላ ራስዎን ይጠይቁ፣ «ልቀጥል?» አዎ ካሉ እስከ 10 ደቂቃ ይሂዱ። ካላሰኘዎ ያቁሙና ቀኑን እንደ ሙሉ ቀን ምልክት ያድርጉበት። ግማሽ ምልክት የሚባል ነገር የለም።

ከቀን 8 እስከ 14፦ በሳምንቱ ውስጥ በመረጧቸው ሦስት ቀናት እስከ ጣሪያው ይሂዱ፤ የቀሩት ቀናት ወለል ናቸው።

በየቀኑ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ዝግ ብለው ሰውነትዎን ያሟሙቁ። ፍጥነትዎን በንግግር ይለኩ፦ ማውራት እየቻሉ መዝፈን ካቃተዎ መካከለኛ ነው፣ እዚያ ይቆዩ። ትንፋሽ ሳይወስዱ ከጥቂት ቃላት በላይ ማውራት ካልቻሉ ጠንክሯል፤ በዚህ ወቅት አይፈለግም፣ ዝግ ይበሉ። ሲጨርሱ ከደብተሩ ሳይርቁ ቀኑን ምልክት ያድርጉና አንድ መስመር ይጻፉ፤ «5 ደቂቃ፣ ዝናብ ነበር፣ ወጣሁ»። ይህ መስመር በደረጃ 8 ይፈለጋል።

ሰውነት ሲተሳሰር፦ አዲስ እንቅስቃሴ ካደረጉ በኋላ ጡንቻ ማመም የተለመደ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበረታል፣ ከዚያ ይለቃል። ሁለቱም እግር እኩል ካመመ፣ ሲንቀሳቀሱበት ከላላ፣ የጡንቻ ነው፤ በቀላሉ ይራመዱ። ሕመሙ ስል ከሆነ፣ አንድ መገጣጠሚያ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ካበጠ ወይም በተንቀሳቀሱ ቁጥር ከባሰ ያንን እንቅስቃሴ ያቁሙ፤ በጥቂት ቀናት ካልተሻለ ይታዩ።

ወዲያው የሚያስቆሙ ምልክቶች፦ ደረት ላይ ጫና ወይም ሕመም፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ራስን መሳት ወይም ለመሳት መቃረብ፣ ከሠሩት ጋር የማይመጣጠን የትንፋሽ ማጠር። በእነዚህ ጊዜ ወለልም ጣሪያም የለም። ያቁሙ፣ ይቀመጡ፣ ሰው ይጥሩ፣ አስቸኳይ ሕክምና ያግኙ።

ደረጃ 7፦ ያመለጠ ቀን ማግስት

መጀመሪያ ልብዎን የሚያሳርፍ ነገር። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዋ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎች አዲስ ልማድ ሲጀምሩ ለ84 ቀናት ተከታትለዋል፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። ነገሩ ሳይታሰብ የሚደረግ እስኪሆን የፈጀው ጊዜ ከሰው ሰው በጣም ይለያይ ነበር፤ በግምት ከ18 እስከ 254 ቀናት፣ መካከለኛው 66። «በ21 ቀን ልማድ ይሆናል» የሚባለውን ይርሱት፤ ብዙ ሰው በ22ኛው ቀን ችግሩ የራሱ እየመሰለው ያቆማል። እዚያው ጥናት ላይ አንድ ቀን ማምለጡ የልማዱን መያዝ ይህ ነው በሚባል ደረጃ አላሰናከለውም። ያመለጠው ቀን ራሱ ጉዳት አላደረሰም ማለት ነው።

አሁን የሚያደርጉት፣ በቅደም ተከተል፦

1. ዕዳ አያስሉ። «ትናንት 10፣ ዛሬ 10፣ በድምሩ 20» ብሎ መደመር ክልክል ነው። የትናንቱ አልፏል።
2. ወረቀቱን ከጫማው ያውጡና አራቱንም መስመር ድምፅ አውጥተው፣ ቀስ ብለው ያንብቡ። ብቻዎን ካልሆኑ በሹክሹክታ።
3. ወረቀቱን ሲያወጡ ጫማው እጅዎ ላይ ነው። ያድርጉት።
4. ወለሉን ብቻ ይሥሩ። ዛሬ ጣሪያ የለም፤ ቢያሰኝዎትም አይጨምሩ። በማካካስ የሠሩት ሥራ ቅጣት ነው፣ ሰውነትዎም ያውቀዋል።
5. ደብተሩ ላይ የተለመደውን ምልክት ሳይሆን ክብ ይሣሉ። ክብ ማለት «ተመለስኩ» ማለት ነው። በወሩ መጨረሻ ክቦቹን ይቁጠሩ።

አምስተኛውን አቅልለው አይዩት። ተከታታይ ቀናትን ብቻ የሚቆጥር ሰው 40 ቀን ሠርቶ አንድ ቀን ሲያመልጠው ቁጥሩ ዜሮ ይሆንበታል፤ ያ ዜሮ ውሸት ነው። ክብ የሚቆጥር ሰው ግን ባመለጠው ማግስት አንድ ነገር ያገኛል።

እኔ በአንድ ወቅት ዘጠኝ ቀን በተከታታይ አምልጦኛል። ጫማዬ በሩ ሥር ነበር፤ ጫፉ ላይ ስስ አቧራ አርፎበታል። አሥረኛው ቀን ላይ ወረቀቷን ሳወጣት በካልሲው ተጨማዳ ነበር። «ደክሞህ ነው፣ እስከ ጥጉ ብቻ ሂድ» ትላለች፤ የራሴ እጅ ጽሑፍ ነው፣ ከወር በፊት ደህና ሳለሁ የጻፍኩት። ክሩን አሰርኩ፣ እስከ ጥጉ ሄጄ ተመለስኩ፣ አራት ደቂቃ አልሞላም። አቧራው ከጫማው ላይ ለቋል። በዚያ ቀን የሣልኩትን ክብ እስካሁን ከሠራኋቸው ረጃጅም ቀናት ሁሉ አብልጬ አየዋለሁ።

ያመለጠው ረዘም ሲል፦

• ከ2 እስከ 6 ቀን፦ አንድ ቀን ወለል፣ ከዚያ ወደነበሩበት ይመለሱ።
• ከ1 እስከ 2 ሳምንት፦ ሦስት ቀን ወለል፣ ከዚያ ከነበሩበት ግማሽ።
• ከዚያ በላይ፦ ከደረጃ 6 ቀን 1 ይጀምሩ። ሰውነት በዚህ ጊዜ ትንፋሹን በመጠኑ ያጣል፤ ሲመለሱ መክበዱ ከዚህ የመጣ ነው።
• ትኩሳት ካለብዎ አይሥሩ። የሕመም ቀን ያመለጠ ቀን አይደለም፤ ደብተሩ ላይ «ሕመም» ብለው ይጻፉና ሲሻልዎት በወለል ይመለሱ።

ደረጃ 8፦ በራስ መተማመንን በማስረጃ ይገንቡ

የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ «እችላለሁ» የሚለው እምነት ከአራት ቦታ ይቀዳል፦ ራስ ሠርቶ ከማየት፣ የሚመስሉንን ሰዎች ከማየት፣ ከሰው ቃል፣ የሰውነትን ስሜት ከምንተረጉምበት መንገድ። ከሁሉም የሚበረታው የመጀመሪያው ነው።

እሑድ እሑድ፣ አሥር ደቂቃ፦

ደብተሩን ገልጠው የሳምንቱን መስመሮች ያንብቡ። ከነሱ ውስጥ የከበደውን ቀን ይምረጡና ከሥሩ «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ» ብለው ይጻፉ። ቀላሉን ቀን አይምረጡ፤ እምነት የሚገነባው ከባዱ ነው።

የሚከተሏቸውን ሰዎች ያጣሩ። ሻምፒዮና ያሸነፈ ሯጭ ደስ ይላል፤ ለጀማሪ ግን ማስረጃ አይሆንም። በዕድሜ፣ በሥራ ጫና፣ በሰውነት የሚመስልዎትን፣ ከስድስት ወር በፊት እርስዎ ያሉበት ቦታ የነበረን ሰው ይፈልጉ።

አንድ ሰው ይምረጡና ምን እንዲልዎ እንደሚፈልጉ ቃል በቃል ይንገሩት፦ «ሠራህ ወይ? ብለህ አትጠይቀኝ። ዛሬ ክብ ነው ምልክት? ብለህ ጠይቀኝ።» የሚወዱን ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚገሥጹን ሌላ መንገድ ስላላሳየናቸው ነው።

ለአራተኛው ምንጭ፣ ለሰውነት ስሜት፣ ልብዎ ሲመታ «አልቻልኩም» ከማለት «ሞቅ እያለኝ ነው» ይበሉ። የሚያስቆሙት ምልክቶች ደረጃ 6 ላይ ተዘርዝረዋል፤ ከእነሱ ውጪ ያለው ላብና የልብ ምት የሥራ ምልክት ነው።

ደረጃ 9፦ መጨመር

በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢያንስ 10 ቀን ምልክት ወይም ክብ ካለዎ ይጨምሩ። ከሌለዎ ባሉበት ይቆዩ።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይጨምሩ፦ መጀመሪያ ደቂቃውን (ጣሪያው ላይ 5 ደቂቃ)፣ ቀጥሎ ጣሪያ የሚነኩባቸውን ቀናት፣ በመጨረሻ ጥንካሬውን። ወለሉን በፍጹም አያሳድጉት፤ ከዓመት በኋላም ያው 5 ደቂቃ ይሁን። በአምስት ቀን 30 ደቂቃ ላይ ሲደርሱ የ150 ደቂቃው ቁጥር ራሱ ይሞላል። ጡንቻ ማጠንከሪያውን ሁለት ቀን ላይ ያክሉ፦ ስኳት (ቁጭ ብድግ)፣ ፑሽ አፕ በግድግዳ ወይም በጠረጴዛ ላይ፣ ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት)፤ ለጀማሪ ይበቃል።

ጨምረው በአንድ ሳምንት ሦስት ቀን ካመለጠዎ ጭማሪው በዝቷል። ወደ ቀድሞው መጠን ይመለሱ፣ ሁለት ሳምንት ይቆዩ፣ በግማሽ ጭማሪ ይሞክሩ።

ብዙ ጊዜ የሚገጥሙ ችግሮች

«ሰው ያየኛል፣ አፍራለሁ።» የመጀመሪያውን ወር ቤት ውስጥ ይሥሩ፣ ይህ ሽሽት አይደለም። ወደ ጂም ሲሄዱ ሰው በሚያንስበት ሰዓት ይሂዱ፤ የመጀመሪያው ቀን ሥራ አንድ መሣሪያ ብቻ ይሁን፣ እሱንም እዚያ የሚሠራ አሠልጣኝ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ።

«ክብደቴ አልቀነሰም።» ሚዛኑን ለሦስት ወር ያርቁት። ክብደት በውኃና በብዙ ነገር ስለሚዋዥቅ የዛሬው ሥራ ነገ ሚዛን ላይ አይታይም። በምትኩ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽዎን፣ እንቅልፍዎን፣ ስሜትዎን ይመዝግቡ።

«ሰለቸኝ።» እንቅስቃሴውን ይለውጡ፣ ማንጠልጠያውን አይንኩ። ፎጣው ያው ይሁን፣ ስኳቱ ጭፈራ ይሁን።

«ጉዞ ላይ ነኝ።» ማንጠልጠያዎ አብሮዎ ካልሄደ ከመነሳትዎ በፊት የሚጓዝ ይምረጡ፤ ጥርስ መቦረሽ የትም አለ።

«ወረቀቱን ሳነብ ምንም አይሰማኝም።» ቃሉ አርጅቷል። በየሦስት ወሩ ወረቀቱን እንደገና ይጻፉት፣ በተለይ መስመር 3ን። የሚጽፉበትን ቀን ይምረጡ፦ የሠሩበት፣ ሰውነትዎ ገና ሞቅ ያለበት፣ ከራስዎ ጋር የታረቁበት ቀን ይሁን። አሮጌውን ደብተሩ ውስጥ ይለጥፉት፣ አዲሱን ጫማው ውስጥ ይክተቱት።